«ወርቅ የተቀባው ኬብል ይሻላል?» የቲቪ ኬብል ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ትናንት ጠባሴ አንድ ቤት ዲሽ ስሰቅል ባለቤቱ ከካርቶን አምስት ኬብል አውጥቶ «የቱ ይሻላል?» አለኝ። አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አምስተኛው የፕሪንተር ነበር። ስቄ ጨረስኩ። ማታ ግን ትዝ አለኝ፤ ይሄ ጥያቄ የማይነሳበት ቤት የለም። ዛሬ ብርዱ ጣሪያ ላይ አያስወጣም። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁና የቲቪ፣ የሪሲቨር፣ የጌም ኬብል ጉዳይ ያለው ይጠይቀኝ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ይቀየራል።

ከመሀል ሜዳ፦ ሰላም ጋሼ። 43 ኢንች ቲቪ ገዛሁ። ሱቁ ሪሲቨርን ከቲቪ የሚያገናኘውን ኤችዲኤምአይ የሚባል ኬብል ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ ተራ ነው። ሌላው ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ ገመዱ የተጎነጎነ፣ ዋጋው አራት እጥፍ። «ምስሉ ይጠራልሃል» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። በልዩነቱ ብርድ ልብስ ግዛበት፣ መሀል ሜዳ ነህ።

ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። በገመዱ የሚሄደው አንድና ዜሮ ነው። ቲቪው አንዱን ከዜሮው መለየት ከቻለ ምስሉ ሙሉ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠራበት መንገድ የለም። መለየት ሲያቅተውም እንደ ድሮው አንቴና አይደበዝዝም። ነጫጭ ነጥብ ይረጭበታል፣ ወይ እየጠፋ ይመለሳል፣ ወይ ጭራሹን ይጨልማል። ስለዚህ የሚሠራ ርካሽ ኬብልና የሚሠራ ውድ ኬብል የሚያሳዩህ ኳስ ያው ነው። ወርቁ የሚጠቅመው ጫፉ እንዳይዝግ ነው። ለምስሉ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይልቅ ማሸጊያው ላይ «ሃይ ስፒድ» የሚል ፈልግ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የዲሽ ሪሲቨር ቢበዛ 1080 የሚባለውን የምስል ጥራት ነው የሚያወጣው። ለዚያ በሰከንድ 4.5 ጊጋቢት ያህል ይበቃል። ሃይ ስፒድ 10.2 ይችላል። ርቀቱን ለካ፣ ግማሽ ሜትር ጨምር፣ በቃ። ከሱቁ ከመውጣትህ በፊት ጫፉን ሶኬት ውስጥ ሰክተህ ሞክረው። ጠበቅ ካላለና ከተወላወለ መልስለት።

ያው ጠያቂ፦ «2.0»፣ «2.1» የሚሉትስ?

መልስ፦ ቁጥሩ የመሣሪያው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2.0 በ2013፣ 2.1 በ2017 ወጡ። ኬብል የሚለየው በደረጃ ነው፤ ሃይ ስፒድ 10.2፣ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ 18፣ አልትራ ሃይ ስፒድ 48 ጊጋቢት በሰከንድ። 4ኬ (ከ1080 በላይ ያለው ጥራት) በሰከንድ 60 ምስል ለሚያይ ሰው ፕሪሚየሙ በቂ ነው። ሻጩ «ይሄ 2.1 ኬብል ነው» ካለህ «አልትራ የሚለው የት ተጽፏል?» በለው። በትክክል የተመሰከረለት አልትራ ካርቶኑ ላይ በስልክ ስካን የሚደረግ ምልክት አለው።

ከሸዋሮቢት፦ ብሮ፣ ጌም ቤት አለኝ። ፕሌይስቴሽን 5 አስገባሁ። በድሮው ኬብል ይሠራል፣ ግን 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ምስል) የሚለውን አልቀበልም አለ።

መልስ፦ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የመጣው ኬብል የት ገባ? እሱ እኮ ነው አልትራው። ፈልገው። ቀድመህ ግን ቲቪህን እይ። 60 ኸርዝ ከሆነ የትኛውም ኬብል አያድነውም። 120 የሚችል ቲቪም ቢሆን ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ሶኬት ብቻ ነው የሚቀበለው። አጠገቡ የተጻፈውን አንብብ። ደግሞ ጌም ቤት ውስጥ ኬብል የሚሞተው በመጎተት ነው። ጎል የገባበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቃለህ። ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር እሰረው።

ከደብረ ሲና፦ ልጄ፣ ምግብ ቤት አለኝ። ቲቪው ውስጥ ነው። በረንዳ ላይ ሁለተኛ ላሰቅል ነው። ሪሲቨሩ ካለበት እስከዚያ 20 ሜትር ይሆናል። የ20 ሜትር ኤችዲኤምአይ አለ አሉኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ አይቸኩሉ። የኤችዲኤምአይ ጠላቱ ርቀት ነው። ተራው የመዳብ ገመድ ለ4ኬ ከ5 ሜትር ካለፈ ያስቸግራል። ለ1080 እስከ 10 ሜትር ብዙ ጊዜ ይሄዳል። 20 ሜትር ላይ ዕድል ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ቤትዎ ይከዳል። ለዚህ ርቀት ፋይበር የሚባለው አለ። በውስጡ ብርሃን ነው የሚሄደው። ሲገዙት ልብ ይበሉ፤ አንዱ ጫፍ «ሶርስ»፣ ሌላው «ዲስፕሌይ» ይላል። ሶርሱ ሪሲቨሩ ላይ፣ ዲስፕሌዩ ቲቪው ላይ ነው የሚሰካው። ከተገለበጠ አይሠራም። ከኮርኒስ በላይ ዘርግቶ ጨርሶ መገልበጡን ያወቀ ሰው አውቃለሁ። በጣም ታጥፎ ከተሰበረም አይጠገንም። ሁለቱ ቲቪ አንድ ነገር እንዲያሳዩ ደግሞ የራሱ መብራት ያለው ስፕሊተር ያስፈልጋል።

እኔ ግን ብሆን ሌላ መንገድ ነበር የምሄደው። የዲሽ ኬብል፣ ያ አርጂ 6 የሚባለው፣ 20 እና 30 ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ላይ ያለውን ሲግናል ተቀባይ) ባለ ሁለት መውጫ ያድርጉት፣ አንድ ርካሽ ሪሲቨር በረንዳው ላይ ይጨምሩ፣ በአጭር ኤችዲኤምአይ ያገናኙ። ያኔ ውስጥ ዜና፣ ውጭ ኳስ ማሳየትም ይችላሉ።

ከአንኮበር፦ እናቴ ጋ ያ ሆዱ የወጣው ቴሌቪዥን አለ። አልጥለውም ብላለች። አዲሱ ሪሲቨር ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው፣ የሚሠራ ነገር አይጣልም። ግን መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከጀርባው አገላብጠሽ እይው። ትናንሾቹ ላይ እንደ ኢርፎን ቀዳዳ ያለች «ኤቪ» የምትል ነገር አትጠፋም። ካለች አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆነ ኬብል ይበቃሻል። የእነዚህ ኬብሎች ውስጣዊ አሠራር ግን ይለያያል። ምስሉ እምቢ ብሎ ድምፁ ካጓራ ቢጫውን ከቀዩ ጋር አቀያይረሽ ሞክሪ።

ከሌለች ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ግዢ። በዩኤስቢ መብራት የምትወስድ ትሁን። አቅጣጫዋም ወሳኝ ነው፤ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው መልኳ ያው ነው፣ ሥራዋ ግን ተቃራኒ ነው። አንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ባለ ሦስት ቀለም የሆነ፣ መሀሉ ላይ ምንም የሌለው ባዶ ገመድ ግን እንዳትገዢ። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ነገር ውስጡ የለም። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ሦስት ገዝቼ ነበር። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።

ከሸኖ፦ በኤቪ ሳገናኝ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ኬብሉ ነው?

መልስ፦ ቢጫውን ሌላ ቀዳዳ ሰክተህ ይሆናል። አንዳንድ ቲቪ ላይ ቢጫውና «ኮምፖነንት» የሚባለው ግንኙነት አረንጓዴ ገመድ አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ። እንደዚያ ከሆነ በሪሞት ምንጩን ከ«ኮምፖነንት» ወደ «ኤቪ» ቀይር። ካልሆነ ሪሲቨሩ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቀለም ሥርዓት ላይ ሆኖ እንደሆነ ከሜኑው ወደ ፓል መልሰው።

ከዓለም ከተማ፦ ላፕቶፔ ቪጂኤ (የድሮው የኮምፒውተር ስክሪን ሶኬት) ነው ያለው። ከቲቪ ጋር ይሠራል?

መልስ፦ ቲቪህ ቪጂኤ ካለው ይሠራል። ድምፅ ግን አያስተላልፍም። ለእሱ ሌላ ገመድ ያዝ።

ከዚሁ ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስልኬን በታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር ኬብል ከቲቪ ጋር ላገናኝ ብዬ ምንም አልወጣም።

መልስ፦ ኬብሉን አትውቀስ። በታይፕ ሲ ቀዳዳ ምስል የሚያወጡት አንዳንድ ስልኮች ናቸው፤ ርካሾቹ ላይ ቀዳዳው ቻርጅና ፋይል ብቻ ነው። የስልክህን ሞዴል ፈልገህ ምስል ማውጣት መቻሉን እይ። ከዚያ ወዲያ ነው ኬብል የሚገዛው።

ከጣርማበር፦ ሪሲቨሩን ስነካ ይነዝረኛል። ኤችዲኤምአዩን ስሰካ ደግሞ ትንሽ ብልጭታ አየሁ። ያስፈራል?

መልስ፦ ይሄን ሁላችሁም አንብቡ። ብዙ ሪሲቨርና ቲቪ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ነው፣ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) የለውም። በውስጣቸው ያለው የኃይል ክፍል ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈስሳል። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ሰው የሚሰማው እንደ መቆንጠጥ ነው። ኤችዲኤምአይ ሶኬት ግን 19 ስስ እግር ነው ያለው፤ ስትሰኩት ያ ብልጭታ በእነሱ ሲያልፍ ሶኬቱን ሊገድለው ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ የሰው ቲቪ ሶኬት እንዲህ አቃጥዬ ከኪሴ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይሄ ነው። ቲቪውን፣ ሪሲቨሩን፣ ሁሉንም ከዲቫይደሩ ነቅሎ፣ ኬብሉን ሰክቶ፣ መጨረሻ ላይ መብራቱን መመለስ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም።

የዲሹ ገመድም ከጣሪያ ስለሚወርድ ክረምት ላይ መብረቅ ከመጀመሩ በፊት እሱንም ከሪሲቨሩ ንቀሉት፤ ሰማዩ ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ ግን አትንኩት፣ ቀደም ብላችሁ ነው። ንዝረቱ ቁንጥጫ መሆኑ ቀርቶ የሚያስደነግጥ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ፤ ያ የኬብል ጉዳይ አይደለም።

ከአጣዬ፦ ዝናብ ሲጥል «ሲግናል የለም» ይለኛል። ኤችዲኤምአዩን ልቀይር?

መልስ፦ ጽሑፉን የጻፈው ቲቪው ይሁን ሪሲቨሩ እይ። የሪሲቨሩን ሜኑ በሪሞት ክፈት። ሜኑው ቲቪው ላይ ከታየ ኤችዲኤምአዩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ዲሹ ትንሽ ዞሯል፣ ወይ ኤልኤንቢው ጋ ያለው ጫፍ ውሃ ገብቶበታል። ዝናብ ራሱ ሲግናሉን ስለሚቀንስ በደህናው ቀን ለጥቂት የሚያልፍ ዲሽ ያን ቀን ይወድቃል። ሜኑውም ካልታየ ያኔ ኬብሉን ጠርጥር፤ መጀመሪያ ግን እዚያው ቲቪ ላይ ሌላውን ኤችዲኤምአይ ሶኬት ሞክር፣ ቀጥሎ የጎረቤት ኬብል ተዋስ።