ጎጆ ለወጣ ልጅ ገንዘብ መስጠት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለቤቴ መርካቶ ውስጥ በንግድ ብዙ ዘመን የደከመ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጎደለብንም። የበኩር ልጃችን 36 ዓመቱ ነው፤ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመኪናውን ነዳጅ ሳይቀር የምንከፍለው እኛ ነን። ሦስት ጊዜ ሥራ ይዞ ሦስቴም ትቶታል። ታናሽ እኅቱ አስተማሪ ናት፤ በደመወዟ ትኖራለች፣ አንድም ቀን አስቸግራን አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ ግን «እኔ በመሥራቴ ነው የተቀጣሁት?» አለችኝ። ባለቤቴ «ልጆቼ ካልበሉት ማን ሊበላው ነው?» ይላል። የሰንበቴ ወዳጆቼ ደግሞ «ልጁን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ» ይሉኛል። መስጠታችን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እናቴ፣ ለልጅ መስጠት ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለልጅ ማከማቸት የወላጅ ነው ብሎ ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 12፥14)። «ገደላችሁት» የሚለው ቃል ለአንዲት እናት እጅግ ይከብዳል፤ አይቀበሉት። ልጅዎ አልሞተም። የጎደለበት ነገር ግን አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር ሳስተምር ያየሁትን ልንገርዎ። ትምህርቱ አልቆ ጃንጥላው ተዘቅዝቆ ለምጽዋት ይዞራል። ከፊት ረድፍ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ልጃቸው፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው። ጃንጥላው ሲደርስ እጁን ወደ እናቱ ዘረጋ። እሳቸውም ቦርሳቸውን ከፍተው አንዱን መቶ ብር ለእሱ ሰጡ፣ ሌላውን ራሳቸው ጨመሩ። እሱም ቀና ብሎ ሳያያቸው የተሰጠውን ጣል አደረገ። ሰውየው በዚያ ዕድሜው ለእግዚአብሔር እንኳ የራሴ ብሎ የሚሰጠው አልነበረውም። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምሳ አልበላልህ አለኝ።

ሐዋርያው ሰው በገዛ እጁ መልካምን እየሠራ ይድከም ሲል ምክንያቱን አብሮ ነግሮናል፤ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው (ኤፌ. 4፥28)። ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን ቃል ሁላችን እንጠቅሳለን፤ ይህን ግን እንረሳዋለን። ሥራ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ለጋስ የሚሆንበት መንገድም ነው። ልጅዎ አሥራት የሚያወጣው ከምንድን ነው? ልጆቹን «ይህ የአባታችሁ ላብ ነው» ብሎ የሚያጎርሳቸው ቀን አለው? በእርስዎ ቸርነት የቀረበት ይህ ነው።

ባላገሩ አባት ልጁን ጎጆ ሲያወጣ መቋቋሚያ ይሰጠዋል፤ ከተቻለው መሬት ይቆርስለታል፣ ጥማድ በሬ ይጨምርለታል። በሬው ግን ብቻውን አርሶ እህል ጎተራ አያስገባም፤ ሞፈሩን የሚጨብጠው ልጁ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት የምናነበው አባት ጦቢትም ከገባኤል ዘንድ በአደራ ያኖረውን አሥር መክሊት ብር ለልጁ ሲያወርስ፣ አስቀድሞ ስለ ምጽዋት አስተማረው፤ ቀጥሎም መንገዱን ሂድ፣ ራስህ አምጣው ብሎ ላከው። ብቻውን ግን አልሰደደውም፤ ደመወዝ የሚከፈለው የመንገድ ጓደኛ አስፈለገለት። ያም ጓደኛ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። እንዲህ ያለው እርዳታ ልጅን ያቆማል። የነዳጅ ገንዘብ ግን በየወሩ ያልቃል፣ በየወሩም ያስለምናል።

ስለዚህ ነገ ተነሥታችሁ ሁሉንም አቋርጡ አልልም፤ ምራቱና ሕፃናቱ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። የልጅ ልጆችዎን የትምህርት ክፍያ ቀጥሉበት። ኪራዩን ግን ቀን ቁረጡለት፦ «እስከዚህ ወር እኛ፣ ከዚያ በኋላ አንተ» ይባል፤ ይህም የንስሐ አባታችሁ ባሉበት ይሁን። መቋቋሚያ ከፈለገ አንድ ጊዜ ስጡት፤ ከሰጣችሁም በኋላ የእሱ ይሁን። «ባልከፍልልህ ኖሮ» የሚለው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ልጁን የሚጎዳው ይህ ቃል ነው። ሥራውን ሦስቴ የተወው ከስንፍና ሳይሆን ከሕመም ወይም ከሱስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ወደ ጠበሉም ወደ ሐኪሙም ይዛችሁት ሂዱ።

ለባለቤትዎም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በኤፌሶን መልእክት ላይ ሲያስተምር፣ ልጆቻችሁን ባለጠጎች ከማድረግ ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈሩ እንዲሆኑ ድከሙ ይላል። «ማን ሊበላው ነው?» ለሚለው ደግሞ፣ ከደጀ ሰላሙ የተቀመጡት ነዳያን አሉ።

በጣም ያሳሰበችኝ ግን ልጅዎ ናት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ልጅ አንዲት ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ብሎ ተቆጥቶ ከደጅ ሲቀር፣ አባቱ ራሱ ወጥቶ ለመነው እንጂ ባሪያ አልላከበትም። እርስዎና አባቷም ወደ ቤቷ ሂዱ። በወንድሟ ላይ ያወጣችሁትን ሳትደብቁ ንገሯት፤ አስቀየምንሽ በሏት፤ ከንብረታችሁም የሚደርሳትን በሕይወት ሳላችሁ በጽሑፍ አድርጉላት።