ዘመዳችን ካርድ ክፍል ስለምትሠራ ጥርሴን መታከም ፈራሁ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በመጨረሻው ምርመራዬ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አልታየም። ባለቤቴ ያውቃል፣ ቤተሰቦቹ ግን አያውቁም። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴን ታምሜ ክሊኒክ ስሄድ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ለሚለው «የለም» ብዬ ሞላሁ፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናትና። ራጅ ተነሥቼ እንዲነቀል ተቀጠርኩ፤ ሁለት ወር ሆነኝ፣ አልተመለስኩም። ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ፣ ሲያብጥ አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ እውጣለሁ። ካርዴን ማን ማየት ይችላል? መዝገቤንስ ማስጠፋት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ካርድ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ለበዓል አማቶችዎ ቤት ሲገቡ የሚቀበልዎ ዓይን እንደሆነ ይገባኛል። ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር አንድ ቃል ካመለጠ አይሰበሰብም።

ካርድዎን ለማየት ምክንያት ያላቸው የሚያክሙዎት ሰዎች ናቸው፤ ሪፈር ከተጻፈልዎም የሚቀበልዎ ሐኪም። ከእነሱ ውጭ ላለ ሰው በአብዛኛው የእርስዎ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሥራዋ ካርዱን በስምና በቁጥር ፈልጎ ማውጣትና መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ ገልጦ ማንበብ የእሷ ድርሻ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያቸው ወይም በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል፤ የጥርስ ሐኪሞችም በውስጡ አሉ። ክሱ የሚነሣው ግን እርስዎ ሲያመለክቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ይጠይቃል።

ሕግ የሚደርሰው ወሬው ከወጣ በኋላ ነውና አስቀድሞ የሚረዳዎትን ልንገርዎ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚለውን ጥያቄ በመጠበቂያው ወንበር ላይ ሆነው መሙላት የለብዎትም። ባዶ ይተዉትና «ለሐኪሙ ለብቻው እነግራለሁ» ይበሉ። በር ተዘግቶ ሲነግሩት ዘመድ እዚያ እንደምትሠራ ይጨምሩለት፤ በካርዱ ሽፋን ላይ ምንም እንዳይጻፍ፣ ካርዱንም ሌላ ሠራተኛ እንዲይዘው ይጠይቁ። ይህም ካላሳረፈዎት ሌላ ክሊኒክ ይሂዱ። የመዝገቡን ግልባጭና የራጁን ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ፤ ዋናው ግን እዚያው ይቀራል።

አሁን ጠንከር ብዬ ልናገር። «የለም» ብለው መጻፍዎ ዘመድዎን ከምስጢርዎ አርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙን ግን ዕውር አድርጎታል። በአገራችን ብዙ ሰው በቀን አንድ ጊዜ የሚውጠው ክኒን ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድነት የያዘ ነው። ቴኖፎቪር የሚወገደው በኩላሊት በኩል ነው፤ ዳይክሎፌናክም ኩላሊትን ይጫናል። ሁለቱ ለሳምንታት ሲደራረቡ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሐኪሙ ቢያውቅ ኖሮ ዳይክሎፌናኩን ይከለክልዎት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፤ ለሕመሙ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፉ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን አንድ ቀንም እንዳያቋርጡ። መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጤና ተቋምም የኩላሊት ምርመራ እንዲያዙልዎ ይጠይቁ።

«ካወቁ አይነቅሉልኝም» የሚል ሥጋትም ካለብዎ ይተዉት። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሰው እንደማንኛውም ታካሚ ጥርሱን ማስነቀል ይችላል። ጓንቱም፣ መሣሪያ መቀቀሉም ለሁሉም ታካሚ እኩል የሚደረግ ነው።

ከካርዱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እብጠቱ ነው። አሞክሳሲሊን እብጠቱን ያጎድለዋል፣ እርስዎም «ዳንኩ» ይላሉ። ነገር ግን የሞተው የጥርስ ሥር ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒትም አይደርስም። መግሉ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። ከታችኛው መንጋጋ የሚነሣ መግል ደግሞ ወደ ታች መንገድ ያገኛል፤ ከአገጭና ከመንጋጋ ሥር ይገባል፣ ከምላስ በታች ይሰራጫል፣ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መንገድን ይዘጋል። አንዳንዴ ይህ ሁሉ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ማታ መስታወት ፊት ቆመው አፍዎን ይክፈቱ። ሁለት ጣት በጥርሶችዎ መካከል አልገባ ካለ፣ ከምላስዎ ሥር ያለው ሥጋ ከጠጠረና ከፍ ካለ፣ ምራቅዎን መዋጥ ካቃተዎትና መዝረብረብ ከጀመረ፣ ድምፅዎ ትኩስ ምግብ አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ከተለወጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም አንገትዎ ካበጠ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «እስኪነጋ ልጠብቅ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም፤ ትኩሳት ባይኖርዎትም፣ አሞክሳሲሊኑን ጠዋት ወስደው ቢሆንም ይሂዱ። ስለዚህ ነገር ብዙ መናገሬን አውቃለሁ። ጥርስ ሰው አይገድልም ብለው የተዘናጉ ሰዎች ግን ሕይወታቸውን አጥተዋል።

መዝገብ ስለ ማስጠፋት፦ ክሊኒኩ የሠራውን ሕክምና መዝግቦ የመያዝ ግዴታ ስላለበት ካርዱን ቀድዶ አይጥልልዎትም። ስሕተት ግን ይታረማል። ሐኪሙ የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዘዋል፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል፣ ቀንና ፊርማ ያኖርበታል። በዚያው ክሊኒክ ከቀጠሉ ያቺን «የለም» በዚህ መንገድ ያሳርሟት።

እብጠት ባይኖርም ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ውስጥ ያድርጉት። የመድኃኒትዎን ብልቃጥ ወይም በላዩ የተጻፈውን ስም፣ የመጨረሻ የደም ምርመራ ውጤትዎንና የራጁን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። እስካሁን የዋጡትን የአሞክሳሲሊንና የዳይክሎፌናክ ብዛትም ሳያሳንሱ ይንገሩ።