ዳዶውን ከማጥበቅህ በፊት

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኩት ያማሃ ቪራጎ 535 ሞተር ሳይክል አለኝ። ከተማ ውስጥ ምንም አይለኝም። ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 100 ላይ ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል። አንድ መካኒክ የመሪውን ዳዶ አጠበቀልኝ። መንቀጥቀጡ ትንሽ ቀነሰ፤ አሁን ደግሞ በቀስታ ስነዳ ሞተሩ እንደ ሰከረ ሰው ግራና ቀኝ ይላል። ሌላው የመሪ ማረጋጊያ ሾክ ግዛና አስገጥም ይለኛል። ከኋላ ዕቃ መጫኛ ሳጥን አለው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ነገሩ እስኪገኝ ድረስ ከ70 በላይ አትንዳው፤ ከኋላም ሰው አትጫን። ማረጋጊያውንም አሁን አትግዛ። ጤነኛ ሞተር ላይ ሲገጠም ጥሩ ዕቃ ነው። የታመመ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን ምልክቱን ብቻ ያጠፋል፤ የላላው ነገር ከሥር መበላቱን ይቀጥላል፣ አንተም ዳንኩ ብለህ ፍጥነት ትጨምራለህ።

ደብዳቤህ ውስጥ ትልቅ ፍንጭ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ የፍጥነቱ ችግር ቀነሰ፣ የቀስታው ተበላሸ። ሞተር በዝግታ ሲሄድ ሳይወድቅ የሚቆመው መሪው በጥቂት በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚዞር ነው። ዓይንህ ላያየው ይችላል፣ ግን ይዞራል። ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይህ ነጻነት ይጠፋል፤ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አንተ ዘግይተህ ትመልሰዋለህ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ስካር ያልከው ይህ ነው። መካኒኩ የነካው ቦታ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒቱ ግን ማጥበቅ አልነበረም።

አሁን ራስህ ፈትሽ። ሞተሩን ከሆዱ ሥር ጣውላ አድርገህ በክሪክ አንሳው፤ ሰው ከኋላ ደግፎ ይያዝልህ። የፊቱ ጎማ ከመሬት ሲለቅ መሪውን በሁለት ጣትህ ብቻ ይዘህ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጣም በቀስታ አዙረው። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ቆም የሚል ከሆነ የመሪው አንገት ኩሽኔታ፣ ማለትም መሪው የሚዞርባቸው ኳሶችና ቀለበቶች፣ አልቋል። ቀጥለህ ከፊት ተንበርክከህ ሁለቱን የፊት ሾክ አብዞርበሮች ከታች ጫፋቸው ያዝና ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህ ግፋ። «ቀጭ» የሚል ነገር እጅህ ላይ ከተሰማህ ልል ነው። ዳዶው አሁን ስለጠበቀ ይህ ሁለተኛው ላይሰማህ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን አይደበቅም።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ አንድ አሮጌ ሞተር ፈትቼ ነበር። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን የብረት ቀለበት በጨርቅ ስጠርገው በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ወጡ፤ የገበጣ መጫወቻ ይመስል ነበር። ግራሶው ደርቆ ከአሸዋ ጋር ተጋግሯል። መሪ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እያንዳንዱ ኳስ ዕድሜ ልኩን የሚመታው አንድ ቦታ ነው። ሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን በየቀኑ ሲደበድበው ብረቱ ይሰረጎዳል። ይህን ጉድጓድ ማጥበቅ አይሞላውም፣ ይባስ ያጠልቀዋል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ከተገኘ የላይኛውም የታችኛውም ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው ይቀየሩ። ኳሶቹን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ቀለበት የሚተው ሰው ገንዘብህን ወሰደ እንጂ አልሠራልህም። ከኳስ ይልቅ ሾጣጣ ሮለር ያለው ዓይነት ካገኘህ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ሸክሙን በሰፊው ስለሚይዝ ቶሎ አይጎዳም። በአዲስ ግራሶ ከሞላህ በኋላ ዳዶውን መጀመሪያ ጠበቅ አድርገህ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ መሪውን ደጋግመህ አዙር። ከዚያ ዳዶውን አላላው፤ በመጨረሻ ቅጭታው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ መልሰህ አጥብቀው። ልኩን የምታውቀው እንዲህ ነው፦ ጎማው አየር ላይ እንዳለ መሪውን ከመሃል ትንሽ ገፋ ስታደርገው ያለ እጅህ እርዳታ በእርጋታ እስከ ጫፍ ይወድቃል። መሃል መንገድ ከቆመ ጠብቋል፣ ተወርውሮ ከሄደ ላልቷል። ገመዶቹ እንዳይዙት ብቻ ተጠንቀቅ።

አንገቱን ከመፍታትህ በፊት ግን ጎማዎቹን እይ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥፋተኛም ሆነው የሚገኙት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። 2314 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ቢመስልም የድሬዳዋ ፀሐይ እንዲህ ያለውን ጎማ እንደ ደረቀ ቆዳ ያደርገዋል። መዳፍህን በጎማው ላይ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አሸው። በአንደኛው በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነብህ ወጣ ገባ ሆኖ አልቋል፤ የኋላው መሃሉ እንደ ጠረጴዛ ከተደለደለም እንደዚያው። ሁለቱም ይቀየራሉ። ንፋሱን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳና ፀሐይ ሳያገኘው ለካ። ከነዳህ በኋላ ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይሃል፤ «በዝቷል» ብለህ ካስተነፈስከው በማግስቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ያድራል። መጠኑን የሞተሩ መመሪያ ከሚለው ውሰድ፣ ከሰው ግምት አይደለም።

ቪራጎህ ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ቀስ ብለህ ምታቸው። የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ድፍን ነው። የላላ ካለ ማስወጠሩን ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ በግምት ያጠበቅከው ሽቦ ቸርኬውን ያጣምማል። አዲስ ጎማ ስታስገባ ባላንሱን አሠራ። የጎማውን ኩሽኔታ ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። የሾክ አብዞርበሩ ዘይት ዓመታት ከቆየ ቀይረው፤ በሁለቱም እግር እኩል ይሁን። ቪራጎ ሰንሰለት ስለሌለው፣ ኃይሉ በዘንግ ስለሚተላለፍ፣ በሰንሰለት ማስተካከያ ጎማ የማጣመም ጣጣ የለብህም።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ እስከምትጨርስ ፍታው። መሪው ብቻ በእጅህ ውስጥ በሰኮንድ ከአራት እስከ አሥር ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በሽታው ፊት ነው። መላው ሞተር ከነአንተ በሰኮንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በዝግታ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ወደ ኋላ እይ፦ ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃ፣ የደከመ የኋላ ሾክ፣ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ማጠፊያ ላይ ያለ ልል ኩሽኔታ። የአንተ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ሳጥኑ ግን ፊቱን ስለሚያቀለው ያባብሰዋል።

መንገድ ላይ ከጀመረህ መሪውን አትታገለው። የሰው እጅ ያንን ፍጥነት አይከተለውም፣ ጡንቻህ የሚጨምረው ኃይል ብቻ ነው። የፊት ፍሬን አትያዝ፤ ነዳጁንም በአንድ ጊዜ አትልቀቅ። ሁለቱም ክብደቱን ወደ ፊት ጎማ ይጥሉታል። ሰርባቶውን በጉልበትህ ጨብጥ፣ ክንድህን አላላ፣ ደረትህን ወደ ፊት ዝቅ አድርግ፤ ከዚያ ነዳጁን በጥቂት በጥቂቱ ቀንስ። ፍጥነቱ ሲወርድ መንቀጥቀጡም አብሮ ይወርዳል።

ሠርተህ ስትጨርስ ሞክረው፤ ግን በደንገጎ ቁልቁለት አይደለም። ማለዳ ንፋስ ሳይነሳ፣ ቀጥ ያለና ባዶ መንገድ ላይ፣ የራስ ቁር አድርገህ፣ ያለ ሳጥን። 60፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 80፤ በየደረጃው ትንሽ ቆይተህ መሪውን ላላ አድርገህ ይዘህ አዳምጠው። በአንዱ ላይ ትንሽ እንኳ ከተሰማህ ወደሚቀጥለው አትለፍ፤ ተመለስና ሻንሲው ተጣሞ እንደሆነ፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን የሚለካልህ ጋራዥ ውሰደው።