ሳሞይዱን አይላጩት፣ ሳንባውን ይተዉት

ጥያቄው የደረሰኝ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ከሚኖሩ እናት ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድማቸው ለልጆቹ ብሎ የሰጣቸው የአራት ወር ወንድ ሳሞይድ፣ ማለትም ፀጉረ ብዙ ነጭ የውሻ ዝርያ፣ ቡችላ አላቸው፤ ልጆቹ «ደመና» የሚል ስም አውጥተውለታል። የጻፉልኝ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቡችላው ቀኑን ሙሉ ያለከልካል። ሰገራው ከቀጠነ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ከሥጋ ቤት የሚመጣለትን ሳንባ ጥሬውን ይበላል፤ በላዩ ወተትና ከገበታ የተረፈ ፍትፍት ይጨመርለታል። የልጆቹን እጅ ይነክሳል። ማታ በሰንሰለት ሲታሰር እስኪነጋ ይጮኻል። ሁለት ወር ሲሞላው አንድ ጊዜ ተከትቧል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተደረገለትም። ጎረቤት ደግሞ «ፀጉሩን ላጩለትና ይቅለለው» ስላላቸው ቅዳሜ ሊላጩት ተዘጋጅተዋል።

እህቴ፣ መቀሱን ያስቀምጡት። ቅዳሜ ቅርብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ደመናን አጠገብዎ ያስተኙትና የጎኑን ፀጉር በሁለቱ አውራ ጣቶችዎ ወዲያና ወዲህ ይክፈሉት። ላይ ላዩን ቀጥ ያለ ፀጉር አለ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ፀጉር ያገኛሉ። ከዚያ በታች ቆዳው ነው፤ ፈዛዛ ሮዝ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ። ይህ ዝርያ የመጣው ከሰሜን ሳይቤሪያ፣ አጋዘን አርቢ ከሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ነው። ድርቡ ፀጉር ብርዱን እንደሚከለክል ሁሉ የፀሐዩን ትኩሳትም ከቆዳው ያርቃል፤ በፀጉሩ መካከል የሚያዘው አየር ለሁለቱም ይሠራል። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን መላጨት የሚያስተነፍስለት ነገር የለም፤ ጥላውን ነው የሚገፈው።

ከዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር ከቆዳው ድረስ የተላጨ አንድ ነጭ ውሻ አምጥተውልኝ ነበር። ጀርባው በፀሐይ ተቃጥሎ ቆዳው እየተላጠ ነበር፤ ስነካው ወገቡን ዝቅ አድርጎ ያቃስታል። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ዳነ። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ለመብቀል ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ወገቡ ላይም እንደሳሳ ቀረ። ባለቤቶቹ ያደረጉት በፍቅር ነበር፤ እርስዎም እንዲሁ ነው ያሰቡት፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምለምንዎት።

የሚያቀለው ማበጠር ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ሚዶ ይግዙ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ፣ ፀጉሩን በእጅዎ ገለጥ እያደረጉ ከሥሩ ያበጥሩት። ላይ ላዩን ብቻ የተበጠረ ሳሞይድ ያምራል፤ ከሥሩ ግን የሞተው ፀጉር ተጠቅጥቆ አየር ይዘጋል። ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱና ከጭራው ሥር ያለውን አይለፉት፤ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ገላውን በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ማጠብ ይበቃል። በክረምት ግን ከሥሩ ድረስ ካልደረቀ ቆዳው ይቆስላል።

አሁን ወደ ማለክለኩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀትሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ ለዚህ ውሻ ከባድ ነው። የውሻ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ቀን ቀን ምድጃ ነውና አያስገቡት። ከዛፍ ሥር ያለ እርጥብ አፈር ወይም የሳሎን ሊሾ ይሻለዋል። አፈር ቆፍሮ ቢተኛ አይቆጡት፤ ብልህነት ነው። የእግር ጉዞው ከጧቱ 12 እስከ 1 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሁን። አስፋልቱን በመዳፍዎ ጀርባ ይንኩት፤ እስከ ሰባት ሲቆጥሩ እጅዎ ካልቻለው የእሱም እግር አይችለውም። ውኃ ሁልጊዜ፣ በሁለት ቦታ፣ ጥላ ውስጥ።

በጥላ ውስጥ አርፎም ማለክለኩ ካልቀነሰ፣ ድዱ በጣም ከቀላ፣ ለሐጩ እንደ ሙጫ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው፣ ያ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው። የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ከጥቂት ነጥቦች ነው፤ 41 ሞት አፋፍ ነው። ወደ ሐኪም ከመሮጥዎ በፊት የቧንቧ ውኃ በገላው ላይ ያፍስሱ፤ ፀጉሩን እየገለጡ ቆዳው ድረስ ይድረስ፤ በካርቶንም ቢሆን ያራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍናል። ከዚያ መኪና ውስጥ አስገብተው መስኮት ከፍተው ይምጡ።

ምግቡ ከፀጉሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ሳንባው።

በበዓል ሰሞን በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ፣ ነጣ ያለ እባጭ አይተው ያውቁ ይሆናል። ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በዚያ እባጭ ውስጥ ያለው የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሰገራው ላይ አይታይም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ አቅፎት ሲያበቃ በዚያው እጁ ዳቦ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያው እባጭ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። የእርስዎ ቤት ልጆችና ሲያዩት እቀፉኝ የሚል ነጭ ቡችላ አሉበት። ስለዚህ ጥሬ ሳንባ፣ ጥሬ ጉበትና ጥሬ ጨጓራ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሌላ ከሌለ ቢያንስ አርባ ደቂቃ ተቆራርጦ ይቀቀል፤ እባጭ ያለበት ግን ተቀቅሎም አይሰጥ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ይቀበር።

ለተራው የአንጀት ትል የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ይህን ትል አይገድለውም፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት ያስፈልገዋል፤ መጠኑም በክብደቱ ይሰላል። ከሰጡት በኋላ ለሦስት ቀን ሰገራውን በጓንት እያነሱ በጥልቅ ይቅበሩ። እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይሰጠው።

ፍትፍቱም ይቅር። በርበሬው አንጀቱን ያቃጥለዋል፤ ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ከዚያ ይከፋሉ፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም መርዝነታቸው አይጠፋም። ወተቱን ብዙ ቡችሎች ጡት ከጣሉ በኋላ መፍጨት ያቅታቸዋል፤ የደመና ሰገራ መቅጠን አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የበሰለ አጥንትም አይስጡት፤ እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ አንጀት ይበሳል።

ታዲያ ምን ይብላ? ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ቅመም የሌለው የተቀቀለ ሩዝና ያለ ቆዳ የተቀቀለ ዶሮ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አራት ጊዜ ይስጡት። የጣና አምባዛም ይሆናል፤ ሥጋው ውስጥ የተበታተነ ቀጭን አጥንት ስለሌለው ለመልቀም ይቀላል። ሰገራው ሲረጋ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ቋሚ ምግቡ ያሻግሩት። አቅምዎ ከፈቀደ «ለቡችላ» ተብሎ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ዋናው ያድርጉት። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በቤት ምግብ ማድረግ ይቻላል፦ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል፤ ሩዝ ወይም ስኳር ድንች፤ ካሮት ወይም ዱባ፤ ሁሉም ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ። እስከ ስድስት ወሩ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይበላል።

ብዙ ሰው «ሥጋ ከበላ ይጠነክራል» ይላል። ሥጋ ብቻ የበላ ቡችላ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም እምብዛም የለውምና ሰውነቱ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ ይሰርቃል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ሲወቀጥ ሁለት ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ምን ያህል እንደሚጨመር ግን ክብደቱን መዝኜ ልንገርዎ፤ ሲበዛም መገጣጠሚያውን ያበላሻል። እህል ብቻ የሚበላም እንደዚሁ ይጎዳል፤ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች ዚንክ ሲያንሳቸው በዓይናቸውና በአፋቸው ዙሪያ ቅርፊት ያወጣሉ። ይህን ካዩ እከክ ነው ብለው የከብት መድኃኒት አይቀቡት። ለመዥገርም ቢሆን ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን ቡችላ ይገድላል፤ ለውሻ የተዘጋጀና በክብደቱ የተለካ ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ፀጉር ለብሶ መክሳቱ አይታይም፤ በዓይን አይፍረዱ። ጣቶችዎን ፀጉሩ ውስጥ ሰድደው ጎድኑን ይዳስሱ። አጥንቶቹ በቀጭን ሥጋ ሥር አንድ በአንድ ከተቆጠሩልዎ ልክ ነው። ከሾሉ ከስቷል፤ ተጭነው ካልፈለጉ የማያገኟቸው ከሆነ ወፍሯል።

ንክሻው ክፋት አይደለም። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ 28ቱ የወተት ጥርሶች እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ ድዱ ያሳክከዋል። ጨርቅ አርጥበው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩና እሱን ያኝክ። ልጆቹ ሲነክሳቸው እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ለእሱ ግን ይህ የጨዋታው ምርጥ ክፍል ነው። ጥርሱ ቆዳ በነካ ቁጥር ሁሉም ሰው እንደ ዛፍ ይቁም፣ እጁን ይሰብስብ፣ ግማሽ ደቂቃ ዞር ይበል። ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። አንዱ እየሳቀ ሌላው እየቆነጠጠ ግን አይማርም፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ያድርግ። አፉን አይምቱት፤ እጅን የሚፈራ ውሻ ሲያድግ ከልቡ ይነክሳል።

የሌሊቱ ጩኸት መነሻው ሰንሰለቱ ነው። የሳሞይድ ዘሮች ከባለቤቶቻቸው ጋር ድንኳን ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ሰው የለመደን ቡችላ ጓሮ አስረው ብቻውን ሲተዉት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጣራት። ቀን አጫውተው፣ ማታ በረንዳው ላይ ወይም ኮሪደሩ ውስጥ የሰው ትንፋሽ በሚሰማበት ቦታ ያስተኙት። ለዘበኝነት አስበውት ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ይጮኻል እንጂ አይጠብቅም፤ ሌባም ቢመጣ ጭራውን ይቆላለታል።

ክትባቱን ማዘግየት አይቻልም። ቡችላን ለሚገድሉት ለፓርቮና ለዲስተምፐር በሽታዎች አንድ መርፌ አይበቃም፤ አሁን አንድ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ሌላ ይወሰድና ከዚያ ከዓመት በኋላ ይደገማል። እስከዚያ የመንደር ውሾች በሚውሉበት መንገድ አያውርዱት፤ አቅፈው ግን ያውጡት፤ ባጃጁን፣ ሰዉን፣ ገበያውን ይይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው መወሰድ ነበረበት፤ በዚህ ሳምንት ይከተብ። የማያውቁት ውሻ፣ ወይም ደመና ራሱ ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ ከዚያ በኋላ ልጅ ቢነክስ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይጠቡትና በዚያው ሰዓት ልጁን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ጠበልም ይጠመቅ፤ መርፌው ግን አንድ ቀን አይደር፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ጣና ዳር ይዋኝ ወይ ብለውኛል። ውኃው እንደ ቀለም አረንጓዴ የሆነበት ቦታ አይጠጣ፣ አይግባም፤ መርዛም ሊሆን ይችላል። ልጆቹም ተከትለውት አይግቡ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ወደ ዓባይ መውጫ በኩል ደግሞ ጉማሬ አለና ማምሻውን ጨርሶ አይሂዱ። በግቢዎ ሳፋ ውስጥ ይንቦራጨቅ።

የሳሞይድ ወንዶች ከእናታቸው የሚወርሱት የኩላሊት በሽታ ስላለ ሽንቱንም አያለሁ፤ ብዙ ጠጥቶ ብዙ የሚሸና ወይም እየበላ የሚከሳ ከሆነ ይንገሩኝ።

ሰገራው ውስጥ ደም ካዩ፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ በዚያው ቀን ይምጡ፤ ፓርቮ ሊሆን ይችላልና ሰዓቱ ዋጋ አለው። ይህ ከሌለ ሰኞ ጠዋት ይምጡ። የዚያን ቀን ሰገራ ክዳን ባለው ንጹሕ ብልቃጥ፣ የክትባት ካርዱንና ሚዶውን ይያዙ። ልጆቹም አብረው ይምጡ፤ ከሥሩ እንዴት እንደሚበጠር በእጃቸው አስይዤ አሳያቸዋለሁ።