ትምህርት አቀናጅቶ ስለማስተማር የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

እንዴት ሰነበታችሁ። ቡሬ አካባቢ 7ኛና 8ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ አስተምራለሁ፣ ትምህርቶችን አቀናጅተን፣ ማለትም አንድን ጉዳይ የተለያየ ትምህርት መምህራን በየፊናችን እያነሳን ማስተማር ከጀመርን ሶስተኛ ዓመታችን ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አዲሱ ካሪኩለም ራሱ የተቀናጀ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ እስከ 6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ፣ 7ና 8 ደግሞ ጄኔራል ሳይንስ ተዋህዶ ነው የመጣው። ግን እኔ ስለ አሲድ ሳስተምር የሂሳቡ መምህር የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር እኮ፣ አንድ ስታፍ ተቀምጠን!

ጥያቄ፦ እስቲ በምሳሌ አስረዳን።

መልስ፦ እኛ የተነሳነው ገበሬው ሁሌ ከሚጠይቀው ነው፣ መሬቱ ማዳበሪያ እየበላ ምርት የሚነሳን ለምንድነው? ዝናብ የበዛበት አገር ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስደዋል፣ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ስሩን ይጎዳል ፎስፈረሱም ተክሉ እንዳያገኘው ይታሰራል፣ ይሄ የኔ ነው። ዝናቡንና መልክዓ ምድሩን የማኅበራዊ ሳይንስ መምህሩ ያዘው። ሂሳብ ላይ ፒኤች 5 ከ6 በ10 እጥፍ አሲዳማ ነው ሲባል የ10 ርቢ ምን እንደሚጠቅም ልጆቹ ያኔ ነው የገባቸው፣ ቀጥሎ አሲዱን ለማከም ለሄክታር 20 ኩንታል ኖራ ቢታዘዝ ለሩብ ሄክታር ስንት ነው እያሉ የአባታቸውን ማሳ ያሰላሉ። አማርኛ ላይ ገበሬ ጠይቀው ሪፖርት ይጽፋሉ። የኖራ ድንጋዩ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ ደጀን አለ።

ጥያቄ፦ ስፖርትና ሙዚቃስ?

መልስ፦ ካልገጠመ ተዉት፣ በግድ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፖርሽን (የዓመቱን ይዘት መሸፈን) አያጓትትም? 8ኛ ክፍል እኮ ክልላዊ ፈተና አለባቸው ጋሼ።

መልስ፦ እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። ጳጉሜ ላይ ተሰብስበን እያንዳንዱ መምህር ምዕራፎቹን በየወሩ ከፍሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ የሚገናኙትን በቀለም አሰመርን፣ ከዛ የምዕራፍ ቅደም ተከተል ብቻ ነው ያዟዟርነው፣ የተጨመረ ይዘት የለም። ግን አደራ ሁሉንም ክፍል ባንዴ አትጀምሩ፣ እኛ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንደዛ አድርገን ጥቅምት ሳያልቅ ተበታተነ፣ አስተባባሪው እኔ ነበርኩና ጥፋቱ የኔ ነው። በዓመቱ 7ኛ ክፍል ብቻ፣ አራት ትምህርት፣ ሁለት ሳምንት አደረግነው፣ ያዘ።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተሩን ምን ብዬ ላሳምን?

መልስ፦ ብዙ አትጠይቀው ወንድሜ። ፕሮግራም ሲወጣ አራታችሁም ባንድ ላይ ክፍት የምትሆኑበት በሳምንት አንድ ፔሬድ ብቻ ለምነው፣ ያ ከሌለ ዕቅዱ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ማርክ አሰጣጡስ እንዴት ይሆናል? ክፍሌ ውስጥ ደግሞ 70 ተማሪ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ተማሪዎቹ የሚሰሩት ስራ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ትምህርት የሚመለከተውን አርሞ ተከታታይ ምዘናው ላይ ይይዛል። ቡድኑን በየጎጣቸው መድቢው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚገናኙት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ 2ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ብቻዬን።

መልስ፦ ታድለሽ! ማንንም መጠበቅ የለብሽም። ውቂያ ሲደርስ ቁና አስመጪና ስፈሩ፣ ቁጥሩም ፊደሉም አካባቢ ሳይንሱም እዛው ውስጥ አለልሽ።