«ትምህርት ቤትን ማን ሃክ ያደርጋል?» ላሉት መምህር

ሰላም መምህር። «ትምህርት ቤታችን ውጤትና ክፍያ የሚመዘገብበት ሲስተም ሊገዛ ነው፤ ግን እኛን ማን ብሎ ሃክ ያደርገናል?» ብለው ጠይቀዋል። ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ነው የምሠራው፤ ያየሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ የሚያሰጋዎት የራስዎ ተማሪ ነው። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከውስጥ ሰው የተነሱ 215 የትምህርት ተቋማት ጥሰቶችን አይቶ 57 በመቶው የተማሪ ሥራ መሆኑን በ2025 ይፋ አድርጓል። እኛም ጋ ያው ነው። ውጤት ማስገቢያው ቀን ሲደርስ መምህሩ ይጣደፍና ፓስዎርዱን ለረዳቱ በቴሌግራም ይልካል። ረዳቱ ላብ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ብራውዘሩ «ፓስዎርዱን ላስቀምጥ?» ሲለው እሺ ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ሃኪንግ መማር አያስፈልገውም፤ ኤፉን ሲ ያደርጋል። ሲስተሙ ላይ የሚወጣው ግን የመምህሩ ስም ነው። ፍዳውን የሚያየውም እሱ።

ስለዚህ ሻጩን «ውጤት ሲቀየር ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይመዘግባል?» ብለው ይጠይቁት። እዚያው ቀይሮ ያሳይዎት። በአፍ «አዎ» ቢልዎት አይቀበሉ።

ሌላው ባክአፕ (የመረጃው ተጠባባቂ ቅጂ) ነው። ሆላንድ ያለውን የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ልጥቀስልዎ። በፈረንጆቹ 2019 ጥቅምት ላይ አንድ የተላከ ኢሜይል ውስጥ ያለ ሊንክ ተከፈተ። ሃከሮቹ በዚያ ገብተው ሁለት ወር ያህል ድምፃቸውን አጥፍተው ቆዩ። የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው 267 ሰርቨር (መረጃ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) ቆለፉ። ኔትወርኩ ላይ የነበረው ባክአፕም አብሮ ተቆለፈ። ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን (የኢንተርኔት ገንዘብ) ከፍሎ ነው የተላቀቀው። እኛ ጋ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድዲስኩ ዓመቱን ሙሉ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ ይከርማል፤ ከዚያ «ባክአፕ አለን» ይባላል! ከገለበጡ በኋላ ይንቀሉትና ካዝና ውስጥ ይቆልፉበት። አልፎ አልፎም ከፍተው ፋይሉ በትክክል መመለሱን ይሞክሩ።

መረጃው ሻጩ ጋ የሚቀመጥ ከሆነ ጣጣው ሌላ ነው። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ፓወርስኩል የሚባል የተማሪ መረጃ መያዣ ሲስተም በ2024 መጨረሻ በተሰረቀ ፓስዎርድ ተገብቶበት የሚሊዮኖች መረጃ ወጣ። ኩባንያው ገንዘብ ከፈለ፤ በ2025 ግን ትምህርት ቤቶቹ በዚያው መረጃ እንደገና ክፈሉ ተባሉ። የልጆቹን የጤና ሁኔታና የወላጅን ደመወዝ ቅጹ ስለጠየቀ ብቻ አይሙሉ። የሌለ ነገር አይሰረቅም።

ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ የተጫነ) ዊንዶውስ ሬጅስትራር ቢሮ ካለ እሱን ዛሬውኑ ያስወግዱ። ሻጩ የሚልዎትን እዚሁ ይጻፉልን፤ ኮንትራቱን ከመፈረምዎ በፊት አብረን እናየዋለን።