መልስ፦ የገደለ ለምን አይገደልም ላልከው

ወንድሜ «የገደለ ካልተገደለ የሟች ቤተሰብ እንባ እንዴት ይታበሳል» ላልከው፣ ንዴትህ በጣም ይገባኛል ግን ፍርድ ቤትም ይሳሳታልኮ። እንግሊዝ ውስጥ ቲሞቲ ኢቫንስ የሚባል የ25 ዓመት ሰው ሕፃን ልጁን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ፣ እሱ እኮ የገደለው ጎረቤቴ ክሪስቲ ነው እያለ ነበር ማንም አልሰማውም፣ ጭራሽ ዋናው የአቃቤ ሕግ ምስክር ራሱ ክሪስቲ ነበር!! ከ3 ዓመት በኋላ የክሪስቲ ቤት ሲፈተሽ የሴቶች ሬሳ ተገኘ። ለኢቫንስ ምህረት የተደረገለት በ1966 ነው፣ ከሞተ በኋላ ምን ያደርግለታል? እስር ቤት ቢሆን በሩን ከፍተው ያወጡት ነበር፣ ይካስ ነበር። ደግሞ መንግሥት ሲሰቅል በእኔና በአንተ ስም ነው፣ እውነተኛ ገዳይ ቢሆን እንኳን እጁ ታስሮ የቆመን ሰው በስሜ እንዲገድሉ አልፈልግም።